እንጨት ከእንጨት ሲገጥም
የቤትና የእጅ ሥራ ዐምድ፤ ከናይሮቢ



ቅዳሜ ጧት በናይሮቢ ከተማ ወደ ጊኮምባ ገበያ የወረደ ሰው፥ ገና ከሩቅ ሳለ የሚቀበለው የመጋዝ ድምፅና የአዲስ እንጨት ሽታ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የአልጋ እግር፥ የወንበር መደገፊያ፥ የቁም ሣጥን መዝጊያ ተደርድሮ ይታያል፤ በመካከሉም ሰዎች ጐንበስ ብለው ይልጋሉ፥ ይቈርጣሉ፥ ይቀርጻሉ። የኬንያ ሰዎች እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጕሙም በስዋሂሊ ቋንቋ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው። ሠራተኞቹ አስቀድሞ ያለ ጣራ በፀሐይ ውስጥ ይሠሩ ስለ ነበረ፥ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። የእጅ ባለሙያን ሁሉ «ፉንዲ» ይሉታል፤ እንጨት ጠራቢውን ለይተው ሲጠሩት ደግሞ «ሴሬማላ» ይሉታል። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበውን ትምህርት ያገኘሁት ከዚሁ ገበያ ነው፤ ነገር ግን በርካሽ ዋጋ የገዛሁት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመንግሥት ሥራ ወደ ናይሮቢ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፥ ለስድስት ዓመት ሴት ልጄ አልጋ ልሥራላት ብዬ ተነሣሁ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከቀትር በኋላ የእንጨት ሥራ ይሰጠን ስለ ነበረ፥ ዕውቀቱ በእጄ ያለ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፥ ያን ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርሁት በአካሌ ብቻ ነው። ሰውን ለወንበር የሚያበቃው መጽሐፍ እንጂ መጋዝ አይደለም ብዬ አስብ ነበርና፥ መምህሩ ስለ እንጨት መጋጠሚያ ሲያስተምሩ እኔ ከጠረጴዛው በታች ሌላ መጽሐፍ አነብ ነበር። እንግዲህ ጣውላ ገዛሁ፤ ረጅም ረጅም ሚስማርም ገዛሁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ አልጋው ቆመ። ቀለም ብቀባው አማረ፤ ጎረቤትም አደነቀው። ልጄም «አባዬ የሠራልኝ አልጋ» እያለች ለጓደኞቿ ታሳይ ጀመር።

የዝናሙ ወራት አልፎ ደረቁ ወራት ሲገባ፥ አልጋው ሌሊት ሌሊት ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሚስማር ጨመርሁበት። ከዚያ በኋላ በአንዱ ሌሊት ልጅቱ ስትገላበጥ የጐኑ አግዳሚ ከእግሩ ተለየና አልጋው ተናደ። ቀኝ እጇም ከታች ዋለ። ሐኪም ቤት ባደረስናት ጊዜ ሐኪሙ መርምሮ፥ አጥንቷ እንዳልተሰበረ፥ ነገር ግን የክርኗ መጋጠሚያ እንደ ወለቀ ነገረን። ወደ ቦታው ሲመልሰው የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ባለቤቴ በመንገድ ሁሉ ምንም ቃል አልተናገረችኝም። ቤት ስንደርስ ግን የወደቀውን አልጋ እያየች፥ «ሚስማር ከምትጨምርበት ይልቅ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ከአልጋው እግሮች አንዱን ይዤ ወደ ጊኮምባ ወረድሁ። ጠይቄም አንድ ሽማግሌ ፉንዲ አገኘሁ። ሰዎች በአክብሮት «ምዜ» ይሏቸዋል፤ ይህም በእኛ ዘንድ «አባባ» እንደ ማለት ነው። እርሳቸውም እግሩን ተቀብለው የሚስማሩን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱና፥ «ልጄ፥ ይህ እንጨት አልገጠመም፤ ተቸነከረ እንጂ» አሉኝ። ሌላ አልጋ እንዲሠሩልኝ ብለምናቸው በደስታ የሚቀበሉኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ከፍርፋሪው ክምር ሁለት ቍራጭ እንጨት አንሥተው ሰጡኝና፥ «አንድ ወር ሙሉ አልጋ የሚባል ነገር አትሥራ። ማታ ማታ አንዲት መጋጠሚያ ብቻ ቍረጥ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አምጥተህ አሳየኝ» አሉኝ። ስንለያይም «ሀራካ ሀራካ ሃይና ባራካ» ብለው ተሰናበቱኝ፤ ይኸውም ችኰላ በረከት የለውም ማለት ነው። የእኛም አገር ሰው «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይላልና፥ ምክሩ ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም፤ ለእጄ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ክቡራን ሹማምንት እንደምታስተውሉት፥ «ገጠመ» የሚለው ግሥ ብዙ ፊት አለው። ጠራቢ እንጨትን ከእንጨት ይገጥማል፤ ባለቅኔ ቃልን ከቃል ይገጥማል፤ ስለዚህም ሥራው ግጥም ይባላል። ጦር ከጦር ጋር ይገጥማል፤ መንገደኛን ችግር ይገጥመዋል። ሐኪሙ ስለ ልጄ ክርን ሲናገር የጠራው ቃልና ምዜ ስለ አልጋው እግር የተናገሩት ቃል በአማርኛ አንድ ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ አማርኛን የተቀበልሁት ከመምህር ነው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ ነውና። በትግርኛ እንጨት ጠራቢ «ጸራቢ» ይባላል፤ በግዕዝም እንዲሁ ነው። አማርኛ ግን «ጸ»ን ብዙ ጊዜ ወደ «ጠ» ይመልሳታልና፥ ጾም ጦም፥ ጸጉርም ጠጉር እንደሚባል ሁሉ ጸራቢም ጠራቢ ሆነ። «አናጢ» የሚለውም ቃል «ሐነጸ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የተገኘ ነው፤ ሐነጸ ማለት ሠራ፥ ገነባ ማለት ነው። ይህን ሥርዐት አንድ ጊዜ የያዘ ተማሪ አንዱን ቃል ሲማር ብዙ ቃል ያተርፋል። የእንጨትም መጋጠሚያ እንዲሁ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

አስቀድሞ ግን ሚስማሩ ስለ ምን እንደ ከዳኝ ማወቅ ይገባል። እንጨት ተቈርጦ ከደረቀ በኋላም ቢሆን ፈጽሞ አያርፍም። አየሩ እርጥብ በሆነ ጊዜ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ በደረቀ ጊዜ ደግሞ ውሃውን ይተፋና ይኰማተራል። በናይሮቢ ታላቁ ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘንም፥ ጣውላው በዓመት ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ መለዋወጥ የሚሆነው በጣውላው ስፋትና ውፍረት ነው፤ በርዝመቱ፥ ማለት በጅማቱ አቅጣጫ፥ የሚታይ ለውጥ የለም ለማለት ይቻላል። ሚስማር ግን ብረት ነውና ከእንጨቱ ጋር አያብጥም፥ አይኰማተርም። ስለዚህ እንጨቱ በመጣና በሄደ ቍጥር በሚስማሩ ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ እያሰፋው ይሄዳል። ከዚህም የባሰ፥ እኔ ሚስማሩን የመታሁት ከእግሩ አሳልፌ በአግዳሚው ጫፍ ውስጥ ነበር። በእንጨት ጫፍ የገባ ሚስማር ከጅማቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፥ በመጥረጊያ ጭራሮ መካከል እንደ ገባ እንጨት በቀላሉ ይሾልካል። ኮላም ቢሆን በጫፍ ላይ የተቀባ እንደ ሆነ በደንብ አይይዝም፤ ጅማት ከጅማት ጐን ለጐን ሲተኛ ግን እጅግ ይጠነክራል። የመጋጠሚያ ጥበብ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም አንዱን እንጨት በሌላው ውስጥ በማስገባት ጅማትን ከጅማት ማስተኛት፥ ክብደቱንም ሚስማሩ ሳይሆን እንጨቱ ራሱ እንዲሸከመው ማድረግ ነው።

ለልምምድ የሚሆነው እንጨት ውድ መሆን የለበትም። በናይሮቢ ገበያ በብዛት የሚገኘው፥ በእኛ አገር የፈረንጅ ጥድ የምንለው ነው፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን በኬንያ ደጋ በሰፊው ተተክሏል። ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያም አለ። የእኛ ዋንዛ ደግሞ በኪኩዩ ቋንቋ «ሙሪንጋ» ይባላል፤ በትግርኛም «አውሒ» ነው፤ በሦስት ስም የሚጠራ አንድ ዛፍ ነውና፥ ባየሁት ጊዜ በባዕድ አገር ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ለጀማሪ ግን የፈረንጅ ጥድ ይበቃዋል። ለስላሳ ስለ ሆነ መጋዝና መሮ ይገቡበታል፤ የደነዘዘ መሮ ያገኘው እንደ ሆነም ይደቅቃል እንጂ አይቈረጥምና፥ የሠራተኛውን ስንፍና ሳይደብቅ ይናገራል። በኬንያ በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመንግሥት ደን ዛፍ መቍረጥ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው እንደሚነሣ የተነገረውም በ2023 ነው። በዚያ መካከል እንጨት ስለ ተወደደ ፉንዲዎቹ ቍራጩን እንኳ መጣል ትተው ነበር። ልምምድ በቍራጭ መሆኑም አንዱ ትርፍ ይህ ነው፤ ጥፋቱ ኪስን አይጐዳም።

መሣሪያውም ጥቂት ነው። አንድ ጥርሱ የረቀቀ መጋዝ፥ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ወይም ሦስት መሮ፥ የእንጨት መዶሻ፥ ስኳድራ፥ ስለታም ቢላዋና መሳያ ድንጋይ ይበቃል። እንጨቱን የሚይዝ ሞርሳ ቢኖር መልካም ነው። ስኳድራ፥ ሞርሳ፥ ኮላ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን በዚህ አጋጣሚ ልብ በሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መሮውን መሳል ይገባል። የመሮው ጀርባ በድንጋዩ ላይ ፍጹም ልሙጥ እስኪሆን ድረስ መታሸት አለበት፤ አፉም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ዘንበልታ ይሳላል። የተሳለ መሆኑን ለማወቅ የጥድ ቍራጭ ጫፍ መላጨት ነው፤ ፊቱ አብለጭልጮ ከቀረ መሮው ደኅና ነው፤ አቧራና ፍርፋሪ ካወጣ ግን ወደ ድንጋዩ ይመለስ። በደነዘዘ መሮ የሚሠራ ሰው ጕልበት ስለሚጨምር እጁን የሚቈርጠው እርሱ እንጂ በስለታም መሮ የሚሠራው አይደለም።

የመጀመሪያው ልምምድ መጋጠሚያ እንኳ አይደለም፤ በመስመር ላይ መቍረጥ ነው። በቍራጭ እንጨት ላይ በስኳድራ አሥር መስመር አውጡ፤ በእርሳስ ሳይሆን በቢላዋ ጫፍ ይሁን። የእርሳስ መስመር ስፋት አለውና ዐይንን ያታልላል፤ ቢላዋ ግን የእንጨቱን ጅማት አስቀድሞ ስለሚቈርጠው ጠርዙ አይሰነጠርም። ከዚያ በኋላ መጋዙን ከመስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ አጠገብ፥ በሚጣለው ወገን አሳርፉ። መጋዙን እንደ ወፍ ጫጩት በቀስታ ያዙት፤ ሌባ ጣታችሁም ወደ ፊት ትጠቍም። ክርናችሁ፥ እጃችሁና መጋዙ በአንድ መስመር ይሁኑ። አሥሩን ከቈረጣችሁ በኋላ ስኳድራውን አስጠግታችሁ ተመልከቱ። የእኔ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቍርጦች ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ ነበሩ። ምዜ አይተው አልሳቁብኝም፤ «መልካም ነው፤ ሁሉም በአንድ ወገን ከሳቱ ጥፋቱ አንድ ነው፤ በየወገኑ የሳቱ ቢሆን ኖሮ ይከፋ ነበር» አሉኝ። የቆምሁበትን እግሬን አስተካከሉልኝና ቍርጡ ተቃና።

ሁለተኛው ልምምድ ግማሽ በግማሽ የሚባለው ነው። ሁለት እኩል እንጨቶች እንደ መስቀል ተጋድመው፥ ከእያንዳንዳቸው የውፍረታቸው እኩሌታ ወጥቶ አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከያንዳንዱ 20 ሚሊ ሜትር ይወጣል። እዚህ ላይ ዋነኛው ምስጢር ስፋቱን በሜትር አለመለካት ነው፤ አንደኛውን እንጨት በሌላው ላይ አስቀምጦ ዳርና ዳሩን በቢላዋ ማስመር ይበልጣል። ሜትር የሚያነብ ዐይን ይሳሳታል፤ እንጨት ግን ስለ ራሱ አይሳሳትም። ሁለቱን ዳር በመጋዝ ከቈረጣችሁ በኋላ መካከሉንም ሦስት አራት ጊዜ ብጣት አውጡለት፤ ከዚያም በመሮ ከአንዱ ወገን እስከ እኩሌታው፥ ከሌላውም ወገን እስከ እኩሌታው ቅረጹ። ከአንድ ወገን ብቻ ጀምሮ የገፋ ሰው የማዶውን ጠርዝ ይገነጥለዋል።

ሦስተኛው ወንዴና ሴቴ ነው። አንዱ እንጨት ጫፉ ቀጥኖ እንደ ምላስ ይወጣል፤ እርሱ ወንዴው ነው። በሌላው ላይ ልኩ የሆነ ጕድጓድ ይቀረጻል፤ እርሱም ሴቴው ነው። አልጋ፥ ወንበር፥ ጠረጴዛና በር የሚቆሙት በዚህ ነው። በግብፅ በ1922 በተከፈተው በንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር የተገኙት የእንጨት ዕቃዎች ከ3300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሲሆኑ፥ ይህ መጋጠሚያ በእነርሱ ላይ ይታያል። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱ ሲሶ እንዲሆን ተለምዷል፤ እንጨቱ 36 ሚሊ ሜትር ከሆነ ምላሱ 12 ይሆናል። ምላሱ ቢወፍር የጕድጓዱ ግድግዳ ይሳሳል፤ ቢቀጥን ምላሱ ራሱ ይሰበራል። ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚቀረጸው ጕድጓዱ ነው፤ ስፋቱ በመሮው ስፋት ይወሰናልና፤ ምላሱን ከጕድጓዱ ጋር እያስተያዩ መላግ ይቀላል፤ ጕድጓዱን ለምላሱ ማስተካከል ግን አስቸጋሪ ነው። ፈተናውም ይህ ነው፤ ምላሱ በእጅ ተገፍቶ እስከ እኩሌታ ድረስ ይገባል፤ የቀረውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያስገቡታል። ብርቱ ምት የሚጠይቅ እንደ ሆነ ሴቴውን ይሰነጥቀዋል፤ ሲገለብጡት በራሱ የሚወድቅ እንደ ሆነ ደግሞ ከሚስማሩ አልጋ አይሻልም።

አራተኛው የርግብ ጅራት የሚባለው ነው። የመሳቢያና የሣጥን ማዕዘን ይሠራበታል። ጫፉ እንደ ተዘረጋ የርግብ ጅራት ሰፋ ብሎ ወደ ውስጥ ስለሚጠብ፥ በአንድ ወገን ብቻ ይገባል እንጂ መሳቢያው ሲሳብ ከቶ አይላቀቅም። ለለስላሳ እንጨት ዘንበልታው ከስድስት አንድ፥ ለጠንካራ እንጨት ከስምንት አንድ ይሁን፤ ማለት በ6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያዘነብላል። ከዚህ ያለፈ ቢያዘነብል የጅራቱ ጠርዝ ይገነጠላል፤ ቢያንስ መያዙን ያጣል። ጅራቱን አስቀድማችሁ ቍረጡ፤ ከዚያ በሌላው ጣውላ ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ በቢላዋ ገልብጡት። እኔ በዚህ መጋጠሚያ ብቻ ዘጠኝ ሌሊት አሳልፌአለሁ፤ ዘጠነኛውም ቢሆን በአንድ ማዕዘኑ የወረቀት ያህል ክፍተት ነበረው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ልማድ ያዙ። የቈረጣችሁትን እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀኑን ጽፋችሁበት በመደርደሪያ አኑሩት እንጂ ወደ እሳት አትጣሉት። በሳምንቱ መጨረሻም አንዱን መርጣችሁ በመካከሉ በመጋዝ ክፈሉትና ውስጡን ተመልከቱ። በውጭ ያማረ ብዙ መጋጠሚያ በውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ምዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ያደርጉብኝ የነበረው ይህንኑ ነው፤ በጣም የተመካሁበትን መርጠው በፊቴ ይቈርጡት ነበር። መጀመሪያ ልቤ ያዝን ነበር፤ በኋላ ግን ሳይጠይቁኝ እኔው ቈርጬ አመጣላቸው ጀመር።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ከእንጨቱ ይልቅ የከበደኝ የሰው አፍ ነበር። ማታ ማታ ከቤቴ የሚሰማውን የመዶሻ ድምፅ የሰሙ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ «ትምህርትህን ጨርሰህ ከወንበር ላይ ተቀምጠህ ሳለ ጠራቢ ልትሆን ነውን?» ብለው ቀለዱብኝ። ከቀልዱ በታች ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ለብዙ ዘመን ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ዐዋጅ፥ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውንም ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን የከለከሉት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ስላዩ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን በትምህርት ቤት ከጠረጴዛው በታች መጽሐፍ የደበቅሁት ያው አሳብ ገና በልቤ ስለ ነበረ ነው። የልጄ ክርን የወለቀው በመጥፎ ሚስማር ብቻ አይደለም ብል አላጋነንሁም።

ደግሞም የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በትግራይ በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያለውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፥ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ እንደ ተሠራ ያውቃል። በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙትን እንጨቶች ሌሎች አጫጭር እንጨቶች ተሻግረው ነክሰው ይይዟቸዋል፤ ከግድግዳው ብቅ ያለው ክብ ጫፋቸውም የዝንጀሮ ራስ ይባላል። የአክሱምን ሐውልት የቀረጹት ሰዎች በድንጋይ ላይ ያወጡት መልክ ይኸው የጠራቢዎች መጋጠሚያ ነው። በኬንያም እንዲሁ ነው፤ የላሙ ከተማ በተቀረጹ በሮቿ የታወቀች ናት፤ ናይሮቢ ራሷ በ1899 የተቈረቈረችው በባቡር መንገድ ምክንያት ሲሆን፥ ለዚያ ሥራ ከሕንድ ከመጡት መካከል ብዙ የሲክ ጠራቢዎችና ብረት ሠራተኞች ነበሩ። እኛም «ከእንጨት መርጦ ለታቦት፥ ከሰው መርጦ ለሹመት» የሚል ተረት አለን፤ አባቶቻችን ሹመትን ከእንጨት ምርጫ ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀመጡ ከሆነ፥ ሹም እንጨት ቢያውቅ ምን ነውር አለበት?

በአራተኛው ቅዳሜ ምዜ ያመጣሁትን ወንዴና ሴቴ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት፤ አዟዙረው አዩት፤ ሳይቈርጡትም መለሱልኝ። ቀጥለው ረጃጅም ጣውላዎች እየመረጡ ያስጠጉልኝ ጀመር። «አሁን አልጋህን ሥራ» ማለታቸው ነበር። እኔም ያለ አንድ ሚስማር ሠራሁት። የጐኑ አግዳሚዎች ምላስ የእግሩን እንጨት ዘልቆ በማዶ ይወጣል፤ በወጣውም ላይ ሽብልቅ ይገባበታል። በደረቁ ወራት እንጨቱ ሲኰማተርና ሲላላ ሽብልቁን በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ ማድረግ ነው፤ እንደ ገና ይጠብቃል። ይህ አሠራር ለእንደ እኛ ላለው ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ተዛዋሪ ነውና፥ ዝውውር በመጣ ጊዜ ሽብልቁን አውጥቶ አልጋውን እንደ ድንኳን አጣጥፎ ለመሄድ ይቻላል።

ልጄ ግን አዲሱን አልጋ ባየች ጊዜ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። «አባዬ፥ መጀመሪያ አንተ ተኛበት» አለችኝ። ፍርዱ የተገባ ነበረና በዚያ ሌሊት እግሬ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሎ በልጅ አልጋ ላይ አደርሁ። ብዙም አልተኛሁም፤ በተገላበጥሁ ቍጥር ጆሮዬን ጥዬ አዳምጥ ነበር። አልጋው ድምፅ አልሰጠም። ሲነጋ ልጄ መጥታ በሁለት እጇ አግዳሚውን ይዛ ነቀነቀችው፤ ደግማም ነቀነቀችው፤ ከዚያ በኋላ ትራሷን አመጣች።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ከእናንተ መካከል ይህን ለመሞከር የሚወድ ቢኖር፥ ወንበር ወይም አልጋ ለመሥራት አይቸኵል። አንድ ወር፥ በየማታው ግማሽ ሰዓት፥ አንድ ቍራጭ እንጨት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቢያስቅ አይፈር፤ የእኔ የመጀመሪያው መጋጠሚያ ዛሬ በቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይይዝልኛል፤ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖርም ያለ እፍረት አሳየዋለሁ። በሚመጣው ሳምንት ስለ መሮ አሳሳልና ስለ ድንጋይ አመራረጥ በሰፊው እንጽፋለን። እስከዚያው ድረስ ደኅና ሰንብቱ።